ክፍል ቁጥር አንድ

ዓርብ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2008

ደንቡ ዛሬ ጸደቀ። ዘጠኝ አንቀጽ፣ ሁለት ገጽ። ከአንቀጽ 7 በቀር ካረቀቅኩት አንድም ቃል አልተነካም። ሥራ አስኪያጁ ሉቃስ ሲፈርም፣ "ኢንጂነር፣ ትንሽ አልጠበቀም?" አለኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ የሽቦና የምስማር ፋብሪካ እንዲመራ የተሾመ ሰው ስለ ደንብ ሲያወራ ስለ ቀበቶ የሚያወራ ነው የሚመስለው። የሰቦቃን ሁለት ጣቶች ከማሽኑ ሥር ለቅሞ በመሐረብ የጠቀለለው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ሽቦ መጎተቻው በሴኮንድ ስድስት ሜትር ይስባል፤ ሰቦቃ በግራ እጁ ስልክ ይዞ ነበር። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ከመስከረም 3 ጀምሮ ማንም ሠራተኛ የእጅ ስልክ ይዞ ከዋናው በር አያልፍም። በራሳችን ወርክሾፕ የሠራነው መቶ ሃያ ክፍል ያለው የብረት ቁምሳጥን ጥበቃው አጠገብ ይቆማል። እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር አለው። ለእያንዳንዱ ቁጥር በመዝገብ ላይ የሠራተኛው ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የቀፎው ዓይነት፣ የመኖሪያ አድራሻና የቅርብ ዘመድ ሰፍሯል። መዝገቡን ያሰመርኩት በእጄ ነው፤ በማስመሪያ። ቁልፉ ሁለት ነው፦ አንዱ ጥበቃው ወንድዬ ጋ፣ ሌላው የእኔ መሳቢያ ውስጥ።

አንቀጽ 7 ኃላፊዎችን ነጻ ያደርጋል። ሉቃስ ያስገባው ነው። እኔ ግን ስልኬን ክፍል ቁጥር አንድ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የማልፈጽመውን ደንብ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 3 ቀን 2009

የመጀመሪያው ቀን። ሰልፉ እስከ ታጁ ሱቅ ደረሰ። የታጁ ሱቅ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፤ ሚስቱ ሐጀራ ሻይ ታፈላለች፣ እሱ ከሳሙና እስከ ባትሪ ይሸጣል።

ሮሪሳ ስልኩን ክፍል 40 ሲያስገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ጎበዝ፣ ቃሊቲ ውስጥ ሌላ ቃሊቲ ተከፈተ!" አለ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

"ስንት ዓመት ፈረዱበት?" አለው አንዱ።

"እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። አመክሮም የለው።"

ወንድዬ ሳይቀር ሳቀ። የቀድሞ ወታደር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጠብቅበትም ነበር። ሮሪሳ የሽቦ መጎተቻው ምርጥ ኦፕሬተር ነው። ምርጥ ባይሆን ኖሮ ምላሱን ከዚህ በፊት አሳጥርለት ነበር።

አንድ መቶ አሥራ ሁለት ስልክ ገባ። ቆጠርኩ።

ሰኞ፣ መስከረም 9

ወንድዬ፦ "ጌታዬ፣ ጆሮዬ ሊበጠስ ነው። አንዱ መዝሙር፣ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ ዘፈን። ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። አንዳንዴ ሁሉም ባንዴ።"

ይለምድሃል አልኩት።

የኔም ጮኾ ነበር። ልጄ ልዕልት ናት፤ ሁለት ጊዜ። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ሩቅ ናት። ማታ ስደውልላት፣ "አባዬ፣ ቀን ቀን ጠፋህ እኮ" አለችኝ። ደንብ ነው አልኳት። "አንተው ያወጣኸው?" አለችና ሳቀች። ነሐሴ ላይ የላከችልኝ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ከጓደኞቿ ጋር መመገቢያ አዳራሹ ደጃፍ ቆመው፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው፣ ያን የተቃውሞ ምልክት። ሥሩ "አይተህ አጥፋው" ብላ ጽፋለች። አላጠፋሁትም። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ሰኞ፣ መስከረም 23

ትናንት ከቢሾፍቱ፣ ከኢሬቻው በዓል የተሰማው የሞት ወሬ። ዛሬ ጠዋት ግማሹ ሠራተኛ ዓይኑ አብጦ ነው የመጣው። ሰልፉ ላይ ማንም አልቀለደም።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ዳሲቱ ቢሮዬ መጣች። የሮሪሳ ታላቅ እህት ናት፣ ምስማር ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። አልተቀመጠችም።

"ኢንጂነር፣ የአክስቴ ልጅ ትናንት እዚያ ነበረች። ስልኬ እየጮኸ ነው ብሎ ወንድዬ ነገረኝ። አንዴ ድምፅ ልስማና ልመለስ።"

"ስድስት ሰዓት ላይ።"

"አንዴ ብቻ፣ በሞቴ። እዚያው ቆመው ይዩኝ።"

"ላንቺ ከከፈትኩ ለመቶ አሥራ ሁለት ሰው መክፈት አለብኝ። ማሽኖቹን ማን ይይዛቸዋል?"

ሄደች። አላለቀሰችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኳን አወጣች፤ አሥራ አራት ያልተነሣ ጥሪ። የአክስቷ ልጅ ደህና ነበረች፤ ደዋይዋ ራሷ ናት። ስለዚህ ጉዳት አልደረሰም።

ማታ። አሁንም እላለሁ፣ ጉዳት አልደረሰም። አንቀጽ 3 ግልጽ ነው። ለኀዘን የተለየ አንቀጽ መጻፍ ነበረብኝ ይሆን? ግን ሁሉም ሰው ኀዘን አለብኝ ቢል በምን ይለያል? ልጅቷ ደህና ነበረች።

ሰኞ፣ መስከረም 30

አስቸኳይ ጊዜ ታውጇል። ዳታ ከጠፋ ቀናት ሆነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ፋብሪካው ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው አፉን አልከፈተም፤ ረዳቱ እንኳ ፌርማታ ሲጠራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። መንገድ ዳር ተቃጠሉ ስለተባሉት ፋብሪካዎች የሚወራውን መጻፍ አልፈልግም።

ሉቃስ፦ "ደንባችን ቀድሞ መውጣቱ ጥሩ ሆነ፣ ኢንጂነር። የሚያስብ ሰው ያለበት ድርጅት ያስብለናል።" ምስጋና መሆኑ ነው። አልጣመኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 4

ቁምሳጥኑ ዝም ብሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልኩት ትናንት ነው፤ ዛሬ ሆን ብዬ አጠገቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ስልክ፣ አንዲት ጥሪ የለችም። ወንድዬን ምነው ብለው፣ "ሰው ለዘመዱ ነግሮ ይሆናላ፣ ጌታዬ። ቀን አትደውሉ ብሎ" አለኝ፤ ዓይኑን ወደ ታጁ ሱቅ መልሶ።

ደንብ ሲጸና እንዲህ ነው። አንድ ወር ፈጀ፣ ግን ጸና። ሪፖርቱ ላይ "ሙሉ ተገዥነት" ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

ቸኩያለሁ። ዛሬ አንድ ሰው መጣ። ቡናማ የቆዳ ጃኬት። ከየት እንደሆነ አልተናገረም፣ ሉቃስም አልጠየቀም። ስለ ቁምሳጥኑ ሰምቷል። "ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ" አለ። የእኔን ቁልፍ ለአንድ ሰዓት ፈለገ።

ሉቃስ ወደኔ ተመለከተ።

ቁልፉን ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ስልኬን ሳስቀምጥ ሁልጊዜ መስተዋቱ ወደ ውስጥ ነው፤ እንዳይቧጨር። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳወጣው መስተዋቱ ወደ ውጭ ነበር። ትናንት ይህን አልጻፍኩም። ወንድዬ ነክቶት ይሆናል ብዬ ነበር።

ወንድዬ አልነካም።

የይለፍ ቁጥር የለኝም። የምደብቀው ነገር የለኝም እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ፎቶውን ዛሬ አጠፋሁት። አንድ ቀን ዘግይቼ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ሮሪሳ ጫማው ውስጥ ስልክ ይዞ ተገኘ። ያገኘሁት ራሴ ነኝ። ማሽኑን ሊያስተካክል ሲጎነበስ ካልሲው በራ። መዝገቡን አየሁ፤ ክፍል 40 ውስጥም ስልኩ አለ። ስለዚህ ሁለት ስልክ ነው ያለው፤ አንዱን ለእኔ አሳይቶ በሌላው ይሠራል። ይህ ከተራ ጥፋት ይከፋል፣ ማታለል ነው።

ቢሮ አስጠራሁት። የወትሮው ቀልድ አልነበረም።

"ኢንጂነር፣ እባክዎ ወረቀት ላይ አያስፍሩት።"

"ደብዳቤ የሌለው ቅጣት የለም።"

"በቃል ይስደቡኝ። ከማሽኑ አውርደው ግቢ ያስጠርጉኝ። እንዲያው የፈለጉትን። ወረቀት ግን አይጻፉ። ጊዜውን ያውቁታል።"

"ሁለተኛውን ስልክ ለምን እንደያዝክ አስረዳኝና አልጽፍም።"

በሩን ተመለከተ፣ ከዚያ እኔን። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። "አይ፣ ይጻፉት በቃ" አለ።

ጻፍኩ። "ሠራተኛ ሮሪሳ በሥራ ሰዓት ሁለት ስልክ ይዞ የተገኘ በመሆኑ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።" አንድ ቅጂ ለግል ማኅደር፣ አንድ ቅጂ ለሥራ አስኪያጅ። እንደ ሥርዓቱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ሮሪሳ ቀረ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ታሞ ይሆናል።

ማክሰኞ

ዛሬም ቀረ። ዳሲቱ ሥራ ገብታለች። አልጠየቅኳትም። ሲታመም የሕክምና ማስረጃ የማምጣት ግዴታው የሠራተኛው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24

አልታመመም።

ዕቃ ግምጃ ቤት ምስማር ላወጣ ስሄድ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ሰቦቃ ጣቶቹን ካጣ ወዲህ የሚሠራው እዚያ ነው። ዳሲቱ ባዶ ያልሆነ ምሳ ዕቃ ይዛ ነበር።

"ሦስት ቦታ ሄድኩ" ትላለች። "ሦስቱም 'እዚህ የለም' ብለው ምግቡን መለሱልኝ።"

"እየቀየርሽ ሂጂ። ምግቡን የተቀበሉሽ ቀን እዚያ አለ ማለት ነው። ባዶውን ዕቃ የመለሱልሽ ቀን ደግሞ በልቷል ማለት ነው። የሚያሳይሽም የሚነግርሽም የለም፤ ምሳ ዕቃው ነው የሚነግርሽ።"

"ቅዳሜ ሐጀራ ሻይ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው የወሰዱት። ታጁ ምን አጠፋ ቢላቸው፣ 'ሁለት ስልክ የሚይዝ ሰው ከማን ጋር ነው የሚያወራው?' አሉት።"

ከዚያ ዝም አሉ። እግሬን ሰምተው ይሆናል። ምስማሩን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ሁለት ስልክ። ቃሉ የኔ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 28

ዳሲቱ ዛሬ በኮሪደሩ ስታልፍ ሰላም አላለችኝም። ምሳ ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ በእጇ ነበር፤ ሙሉ። ከክብደቱ ያስታውቃል። አቻምየለሽ ለምን አትበላም ትለኛለች። ባለቤቴ የምታየውን አይታ የምትጠይቅ ሴት ናት እንጂ ጠይቃ የምታይ አይደለችም። ሥራ በዛብኝ አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 2

ሉቃስን ጠየቅኩት። በቀጥታ።

"ማኅደሮቹን አሳይ ተባልኩ፣ አሳየሁ" አለ። "ሰውየው የእርስዎን ደብዳቤ ሲያገኝ 'ሁለት ስልክ' የሚለው ላይ በቀይ አሰመረበት። ኢንጂነር፣ እኔ ምን ላድርግ? እርስዎም ቁልፍ ሰጥተዋል።"

"የጻፍኩት ትክክል ነው" አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ብርዱ ነው።

ሰውየው ዛሬ ሲመጣ ጃኬቱን አላወለቀም። ሉቃስን አስወጥቶ ከእኔ ጋር ብቻ ተቀመጠ። ከቁምሳጥኑ ያወጣቸውን ቀፎዎች ከፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ፤ አሥር አሥራ አምስት ይሆናሉ። አሮጌ፣ የተሰነጠቀ፣ ቁልፉ የወላለቀ።

"ያብሩልኝ" አለ።

አንዱን አነሣሁ፣ አልበራም። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ባትሪም አልነበረውም፤ ባትሪው ቦታ ላይ የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል፤ ክብደት እንዲኖረው።

"ቁምሳጥንዎ ውስጥ አንድ መቶ አሥራ አንድ ሬሳ አለ፣ ኢንጂነር። የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። ክፍል ቁጥር አንድ።"

ያኔ ነው የገባኝ። ዝምታው። የወንድዬ ዓይን። መስከረም 23 ቀን ሦስት ሰዓት ከአሥር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ሰው እውነተኛ ስልኩን አላስረከበኝም። እኔ ግን "ሙሉ ተገዥነት" ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ።

"ይህን ያደራጀ ሰው አለ" አለ ሰውየው። "ሮሪሳ ሲያዝ ኪሱ የነበረው የክፍል 40ውም ሬሳ ነው። ሮሪሳ ነው ያደራጀው ብለው ይጻፉልኝና እንጨርስ። አስቀድመው ጽፈውበት የለ? ያንኑ ማጠናከር ነው። መዝገቡንም ይስጡኝ፣ አድራሻና የቅርብ ዘመድ ያለበትን። እስከ ሰኞ።"

"ባላውቅስ?"

ተነሣ። ጃኬቱን ቆለፈ።

"ልዕልት ሦስተኛ ዓመት ናት አይደል? ጥሩ ፎቶ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችው እሷ ናት አይደል? እርስዎን ትመስላለች።"

ከሄደ በኋላ ቀፎዎቹን በመስመር ደረደርኳቸው። ምን ልሠራ እንደሆነ አላውቅም። የሮሪሳን አገኘሁት፤ 40 የሚል ፕላስተር አለበት። ጀርባውን ከፈትኩ። ካርቶን።

ስለዚህ ሮሪሳ ሁለት ስልክ አልነበረውም። አንድ ስልክና አንድ ካርቶን ነበረው። ደብዳቤዬ ሐሰት ነው። ያን ቀን አስረዳኝ ስለው አፉን ከፍቶ የዘጋው ለዚህ ነው፤ ቢያስረዳኝ መቶ አሥር ሰው አብሮት ይጋለጥ ነበር። እሱ ዝም አለላቸው። እኔ ጻፍኩበት።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

ታጁ ሱቅ ሄድኩ። ልጮኽበት ነበር የሄድኩት። ቀፎዎቹ ከእሱ ሌላ ከየትም ሊመጡ አይችሉም።

ሐጀራ ሳልጠይቃት ሻይ አስቀመጠችልኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ እዚያ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

"ታጁ፣ ይሄ የሞተ ቀፎ ካንተ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ከኔ ነው።" አልካደም እንኳ። "ለመለዋወጫ የሚመጣልኝ ነው። የሱቄን ሻይ ለጠጣ ሰው ጠዋት አውሳለሁ፣ ማታ ይመልስልኛል። ሰው ልጁ ታማ እንደሆነ፣ ወንድሙ ተይዞ እንደሆነ የሚሰማበት ነገር ይፈልጋል፣ ኢንጂነር። እርስዎ ደግሞ ቁጥሩ እንዲሞላ ነው የሚፈልጉት። ሞላ።"

"የኔ ብቻ ነው እውነተኛው። እኔ ብቻ ነኝ የተነበብኩት። አንድ ሰው እንኳ ሊነግረኝ..."

ታጁ ሐጀራን አየ። ሐጀራ ከስኳር ከረጢቱ ጀርባ አንድ ጥቁር ቀፎ አወጣችና ከሻዬ አጠገብ አኖረችው። ጀርባው ላይ ፕላስተር፤ በእስክሪብቶ 1 ተብሎ ተጽፎበታል።

"የርስዎ ነው" አለች። "ጥቅምት ከገባ ጀምሮ እዚሁ ነው። ሮሪሳ ነው የመረጠው። መስተዋቱ ያልተሰነጠቀ ይሁን፣ ሰውየው ንጹሕ ነገር ይወዳል ብሎ።"

"ታዲያ ለምን አልሰጠኝም?"

"ሊሰጥዎት ነበረ፣ ሁለት ቀን ተመላለሰ" አለ ታጁ። "'ኃይለኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ቁልፉን የሰጠ ቀን ፊቱን አይቼዋለሁ' ይል ነበር። ሰዎቹ ተው አሉት። ይጽፍብናል አሉት።"

ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነበር። ጨረስኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ትናንት ማታ ለአቻምየለሽ ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶውንም። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አነሣች።

"በስልክ ምንም እንዳትላት። እኔ ራሴ ሄጄ አመጣታለሁ። አክስቷ ሞታለች ብዬ አስፈቅዳለሁ።"

"ምን ልርዳሽ?"

"አንተ ያን ወረቀትህን ጻፍ። ግን የተጻፈበት ልጅ እናቱ ብታነበው የማታፍርበትን ጻፍ።"

ጎህ ሲቀድ አውቶብስ ተራ አደረስኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሦስት መስመር ነው። ሮሪሳ አደራጅቷል ይላል። አጭር፣ የተስተካከለ፣ ሰውየው የሚወደው ዓይነት። ጨርሼ አነበብኩት። ፊደሉ የኔ ነው። ያምራል። ልዕልት ገና መንገድ ላይ ነበረች፤ መድረስ አለመድረሷን አላውቅም ነበር፤ ያን ደብዳቤ ኤንቬሎፕ ውስጥ አስገብቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ኪሴ ይዤው ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን እጸየፋለሁ። ግን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ እናትና ልጅ ገቡ። ልዕልት ከስታለች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ "አባዬ፣ አጥፋው ብዬህ አልነበር?" አለችኝ።

"ነበር።"

"ታዲያ?"

"ስትስቂ ነበር" አልኳት። ሻንጣዋን ተቀበልኳት።

ሁለተኛው ደብዳቤ ይህ ነው፤ ግልባጩን እዚህ አስቀምጣለሁ።

"ጥቅምት 15 ቀን 2009 በሠራተኛ ሮሪሳ ላይ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ ስሕተት ነው። ሠራተኛው የያዘው ስልክ አንድ ብቻ ነበር። በክፍል 40ም ሆነ በሌሎቹ ክፍሎች የማይሠሩ ቀፎዎች እንዲቀመጡ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም የቁምሳጥኑ ብረት በፀሐይ ስለሚግል ባትሪ ያበላሻል። ሠራተኞቹ ትእዛዜን ከመፈጸም ሌላ ያደረጉት የለም። ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።"

በሥራ ዘመኔ አውቄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ውሸት ነው። እንደዚህ በጥንቃቄ የጻፍኩት ሌላ ደብዳቤ የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ መንገዱ በሙሉ ጭስ ነበር፤ ሰው ቆሻሻውን በየደጁ ያነድዳል። ግቢያችንም እንደየዓመቱ ካርቶንና የጣውላ ፍቅፋቂ ተከምሮ ይነድ ነበር። ሰቦቃ ነው እሳቱን የሚቆሰቁሰው።

መዝገቡን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ስም፣ አድራሻ፣ የቅርብ ዘመድ። ሳልናገር ወረወርኩት። ጋዜጣው ተቃጠለና የኔ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ጠንካራ ልባስ ስለነበረው አልያዝ አለ። ሰቦቃ አየ። አየኝ። ከዚያ በሦስት ጣቱ ብረቱን ይዞ ገለበጠው፣ ገጾቹን በተነ፣ ካርቶን ጨመረበት።

"ዘንድሮ ጭሱ በዛ፣ ኢንጂነር" አለኝ። "ዓይንዎን ይጠብቁ።"

ከእሱ ጣት ወዲህ ያናገረኝ የመጀመሪያ ቀን ነው።

ሰውየው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"መዝገቡስ?"

"የለም። ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ዛሬ ኅዳር 12 ነው።"

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከጩኸት ይከፋል።

"ቀን አልጻፉበትም" አለ።

እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳርም የኖርኩት ሰውዬ ቀን ረስቻለሁ። እስክሪብቶ አውጥቼ ጻፍኩበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ማክሰኞ

ምንም።

ረቡዕ

ምንም። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ሁለት ቀን ያው ሰው ነው። ወይም መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 16

ሉቃስ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ጠረጴዛዬ ላይ መጥተው ተቀመጡ፤ አራት ሰዎች። ስለ ኳስ አወሩ። ስለ ኳስ አላውቅም። አልተነሡም።

ልዕልት የሐጀራ እህት ቤት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ናት። እናቷ በእግሯ እየተመላለሰች ታያታለች። ስልክ አንደዋወልም። በር በተንኳኳ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ እቆጥራለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 18

ዳሲቱ ቤታችን መጣች። ቤቱን እንዴት እንዳወቀችው አልጠየቅኳትም። በር ላይ ቆማ ምሳ ዕቃውን አንሥታ አሳየችኝ። ከፈተችው። ባዶ ነበር። ጠርዙ ላይ የሽሮ ፍርፋሪ ቀርቷል።

"ትናንት ተቀበሉኝ" አለች። "ዛሬ መለሱልኝ። በልቷል።"

አቻምየለሽ እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች።

ዳሲቱ ግቢ ብንላትም አልገባችም። ስትሄድ ዞር ብላ፣ "መስከረም ላይ እንዳለቀስኩ አይተው ነበር?" አለችኝ።

"አላለቀስሽም።"

"ቢሮዎ ውስጥ ነው ያላለቀስኩት፣ አንቱ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ተጠራሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። መጥሪያ ወረቀት የለውም፤ ሉቃስ ነው ትናንት ከሥራ ስወጣ በቃል የነገረኝ፤ ወለሉን እያየ። "ለጥቂት ጥያቄ ነው" አለ። "ስልክዎን ይዘው ይምጡ ብለዋል። በር ላይ ያስረክባሉ።"

በር ላይ ያስረክባሉ። እነሱም ደንብ አላቸው።

እፈራለሁ። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ ብርድ፣ ሥራ መብዛት፣ ጭስ እያልኩ የጻፍኩት ሁሉ ፍርሃት ነው። በጻፍኩበት ቦታ ሁሉ እንደታረመ ይቆጠርልኝ።

ሹራብ አዘጋጅቻለሁ። መነጽር፣ ትርፍ መነጽር። እውነተኛው ስልኬ ታጁ ጋ፣ ከስኳር ከረጢቱ ጀርባ ይቀመጣል፤ ይህም ደብተር ከሥራ ስወጣ ሐጀራ እጅ ይገባል። ለነገ ኪሴ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ቀፎ ነው፤ መስተዋቱ ያልተሰነጠቀ፣ ጀርባው ላይ 1 የተጻፈበት። በር ላይ ሲጠይቁኝ መስተዋቱን ወደ ውስጥ አድርጌ አስረክባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ አቻምየለሽ ምሳ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ የትኛውን እንደምታመጣልኝ ጠየቀችኝ። ክዳኑ የሚላላውን አይደለም፣ ትንሹን አልኳት፤ ሥሩ ላይ ስሜ በምስማር የተጫረበትን። የፋብሪካችን ምስማር ነው፤ የጫረልኝ ሮሪሳ ነው፣ ገና በተቀጠረ ዓመት፣ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይደባለቅብኝ ብሎ።

ባዶውን ከመለሱላት አለሁ።